ኦኔሲሞስ ነሲብ፤ ከባርነት ወደ ወንድምነት



በበደሳ የገበያ ቀን ቆመህ ብታዳምጥ፥ ቡናውን በአህያ ጭኖ ከገጠር የመጣው ገበሬ በኦሮምኛ ሲናገር፥ ነጋዴው ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ ሲመልስ፥ ከወዲያ ማዶም ጉራግኛ ሲነገር ትሰማለህ። ስለ ዋጋ ሁሉም ይግባባሉ። ስለ ሌላው ነገር ግን፥ ይኸውም የማን አያት የማንን አያት መሬት እንደ ወሰደ፥ ማን ማንን በምን ስም ይጠራ እንደ ነበረ፥ ማንስ በማያውቀው ቋንቋ እንደ ተፈረደበት፥ ዝም ይባባላሉ። ዝምታውም ሰላም ይመስላል። ነገር ግን ዝምታና ሰላም አንድ አይደሉም፤ በዝምታ የተሸፈነ ቁስል ከውስጥ ይመግላልና።

ስለዚህ ዛሬ በባርነት ተሽጦ በነጻነት የሞተውን፥ ሰዎችንም በገዛ ቋንቋቸው ያነጋገረውን የአንድ ሰው ሕይወት ልነግርህ ወደድሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ይህ ሰው በ1856 ዓመት ገደማ በኢሉባቦር፥ በሁሩሙ አጠገብ ተወለደ። ወላጆቹ ሂካ ብለው ሰየሙት፤ በኦሮምኛ አስተርጓሚ ማለት ነው። ገና ሕፃን ሳለ አባቱ ሞተ። ከዚያም ባሪያ ፈንጋዮች ከእናቱ ነጥቀው ሸጡት፤ ከአንዱም ወደ አንዱ ሲተላለፍ ስምንት ጌቶች ተፈራረቁበት። አባቱና እናቱ ያወጡለት ስምም ቀረና ነሲብ ተባለ።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ስታነብ የሸጠው ሰው ከየትኛው ወገን ነው ብለህ ለመጠየቅ አትቸኩል። በዚያ ዘመን ባሪያ የሚፈነግል ሹምና ወንበዴ በየአገሩ ነበረ፤ ነድቶ የሚወስድ ነጋዴም ነበረ፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይገዛ ነበር፤ ከባሕር ማዶም ገዢ ይጠብቅ ነበር። ማናችንም እጃችንን ታጥበን ከዚህ ነገር ልንወጣ አንችልም።

በ1870 ልጁ በምጽዋ ሳለ ቬርነር ሙንትሲንገር የሚባል የስዊስ ሰው ነጻ አወጣው። ይህ ሙንትሲንገር በኋላ ለግብፅ መንግሥት አድሮ ከረንን የያዘ፥ በ1875ም በአውሳ የተገደለው ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ለአንዱ ልጅ አርነት አውጪ፥ ለአንዱ አገር ጠላት ሊሆን እንደሚችል ልብ በል። ለመልካም ሥራው የሚገባውን ምስጋና አንከልክለው፤ ስለ መልካም ሥራውም ብለን ክፉውን አንሸፍንለት። ስለ ሰው በእውነት መናገር ይህ ነው።

ነጻ የወጣው ልጅ በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ወደ ነበረው ወደ ስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ትምህርት ቤት ገባ። በ1872 በፋሲካ ቀን ተጠመቀ፤ ስሙም ኦኔሲሞስ ሆነ። ይህ ስም ያለ ምክንያት የተሰጠ አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና በላከው መልእክት፥ ከጌታው ስለ ኮበለለው ስለ ኦኔሲሞስ ሲለምን፥ ከእንግዲህ ወዲህ ከባሪያ አብልጦ እንደ ወንድም እንዲቀበለው ጠይቆታል። ያ መልእክት አጭር ነው፤ ነገር ግን በጌታና በባሪያ መካከል ያለውን ነገር ሳይሸሽ፥ ዕዳውንም ሳይክድ ፊት ለፊት የሚናገር ነው።

በ1876 ኦኔሲሞስ ወደ ስዊድን አገር ተልኮ በዮሐንስሉንድ ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ተማረ። በ1881 ወደ ምጽዋ ተመልሶ ምሕረት ኃይሉን አገባ። በአውሮጳ ተምሮ ለተመለሰ ሰው በባሕር ዳርቻ ከተማ ተቀምጦ መኖር ይቀልለው ነበር። እርሱ ግን የተሸጠበትን መንገድ ወደ ኋላ ተመልሶ ሊሄድበት ወደደ። ከባልንጀሮቹ ጋር በሱዳን በኩል እስከ አሶሳ አካባቢ ደረሰ፤ ነገር ግን ማለፍ አልቻሉምና በ1882 በበሽታ ተዳክሞ ወደ ካርቱም፥ ከዚያም ወደ እምኩሉ ተመለሰ።

መንገዱ በተዘጋበት ጊዜ ሥራ አልፈታም፤ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመተርጐም ተነሣ። በዚህ ጊዜ አንድ ነገር አሳፈረው። በልጅነቱ ከወገኖቹ ተነጥሏልና የገዛ ቋንቋው ቃላት በቂ አልሆኑለትም። አስተርጓሚ ተብሎ የተሰየመው ልጅ የሚተረጕምበትን ቃል አጣ። ከእርሱ የወሰዱት ጕልበቱን ብቻ እንዳልነበረ፥ አንደበቱንም እንደ ነበረ ያን ጊዜ ተገለጠ።

እነሆ፥ በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የምትረሳውን ሴት ልጥቀስልህ። ስሟ አስቴር ገኖ ነው። ነጻ ሆና ተወልዳ በሊሙ እናርያ ንጉሥ ባሪያ ተደረገች፤ በ1886 ወደ ዓረብ አገር ልትሸጥ በባሕር ላይ ስትወሰድ የኢጣልያ መርከቦች ጀልባውን ይዘው ነጻ አወጧት፤ እርሷም ወደ እምኩሉ ትምህርት ቤት መጣች። ኦኔሲሞስ ወጣቷ የቋንቋውን ጣዕምና ምሥጢር ከእርሱ ይልቅ እንደምታውቅ አየ። እርሱ በስዊድን የተማረ፥ እርሷ ከባሕር የተወሰደች ብላቴና ነበሩ፤ ሆኖም የሚያውቀው ማን እንደሆነ በታየ ጊዜ መማሩ ከመጠየቅ አላገደውም። እርሷም 15,000 የሚያህሉ የኦሮምኛ ቃላትን ሰበሰበች፤ ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፈውን ተረትና ምሳሌ፥ እንቆቅልሽና ዘፈን አምስት መቶ ያህል ጻፈች።

ከዚህም የተነሣ በ1893 አዲስ ኪዳን በኦሮምኛ በእምኩሉ ታተመ፤ በ1894 የፊደልና የንባብ መማሪያ ወጣ፤ አስቴር የሰበሰበችው ተረትና ምሳሌ ከፊሉ በዚህ መጽሐፍ ገባ። በ1899 መላው መጽሐፍ ቅዱስ በስዊስ አገር በቅዱስ ክሪሾና ታተመ። የተጻፈውም አንተ አሁን በምታነብበት በግዕዝ ፊደል ነው። ሌላው ሰው ያልተማረ የጨዋ ልሳን ብሎ የናቀው ቋንቋ፥ የነቢያትና የሐዋርያት ነገር ሁሉ የሚነገርበት ሙሉ ቋንቋ መሆኑ በዚህ ታወቀ።

ነገር ግን እውነቱን ሁሉ ልንገርህ። በታላቁ መጽሐፍ የርእስ ገጽ ላይ በተርጓሚነት የቆመው የኦኔሲሞስ ስም ነው፤ የአስቴር ድካም ግን የሚገባውን ያህል ሳይነገርለት ብዙ ዘመን አለፈ። ይህን የምጽፈው ደጉን ሰው ለማዋረድ አይደለም። የተበደለ ሰውም በተራው የሌላውን ድካም የሚያስረሳ ወግ ተካፋይ ሊሆን እንደሚችል እንድታይ ነው። በደልን መቀበል ማንንም ጻድቅ አያደርግም፤ ሁላችን፥ ጌታ የነበርንም ባሪያ የነበርንም፥ ከበታቻችን ያለውን ሰው እንድናስተውል ታዘናል። የመማሪያው መጽሐፍ የውጭ ቋንቋ ርእስም፥ በዚያ ዘመን እንደ ተለመደው፥ ኦሮሞን ሌሎች ባወጡለት ስም የሚጠራ ነበር፤ ያም ስም ለባለቤቶቹ ስድብ ሆኖ ኖሯልና እዚህ አልጽፈውም።

በ1904 ኦኔሲሞስ በመጨረሻ ወደ ወለጋ ገባ። የነቀምቴው ገዢ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፥ ቀድሞ ኩምሳ ሞረዳ ይባሉ የነበሩት፥ በክብር ተቀበሉት። ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በኦሮምኛም አስተማረ። ሕዝቡ የሰማውን ሁሉ ገባው፤ ከሌላ አገር የመጡት ካህናት ግን አልገባቸውም። ብዙ ዘመን ገበሬው ያልገባውን ቅዳሴ ቆሞ ሲሰማ ኖሮ ነበር፤ አሁን ደግሞ ያልገባቸው ሌሎች ሆኑ። ያልገባንን ነገር እንፈራለን፤ የፈራነውንም እንከስሳለን። እመቤታችንን ይሰድባል ተብሎ ተከሰሰና በ1906 በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቆመ፤ እንዲሰደድም ተፈረደበት። ዳግማዊ ምኒልክ ግን ፍርዱን ለውጠው ወደ ነቀምቴ እንዲመለስ ፈቀዱለት፤ ስብከትን ግን ከለከሉት።

እርሱም ተመልሶ ልጆች ማስተማሩን ቀጠለ። በ1916 ልጅ ኢያሱ እምነቱን እንዲያስተምር ፈቀዱለት፤ እርሳቸው ከሥልጣን ከወረዱም በኋላ ፈቃዱ አልተሻረም። ሰዎች አባ ገመቺስ እያሉ ያከብሩት ነበር፤ ገመቺስ ደስታ ማለትን ይዟል። ሰኔ 21 ቀን 1931 በነቀምቴ ዐረፈ። ባርነትን የሚሽረው የመጨረሻው አዋጅ በአገራችን የወጣው በ1942 ነው፤ እርሱ ሊያየው አልቻለም። አስቴር ግን እስከ 1964 ኖራ አየችው።

አንባቢ ሆይ፥ ይህ የወለጋ ሰው ነገር በበደሳ ለምን ይነገራል ትለኝ ይሆናል። ስለዚህ ነው። በ1886 እና በ1887 የምኒልክ ሠራዊት ጨርጨርንና ሐረርን በያዘ ጊዜ መሬቱ ለሹምና ለወታደር ተከፈለ፤ ባለ አገሩም ገባርና ጭሰኛ ሆነ፤ ይህም እስከ 1975 የመሬት አዋጅ ድረስ ኖረ። አማርኛ የማያውቅ ገበሬ በችሎት ፊት በአስተርጓሚ አፍ ይናገር ነበር፤ የተናገረው ሁሉ መድረሱንም ማወቂያ አልነበረውም። በ1990ዎቹም መጀመሪያ በሐረርጌ ማንንም ያልበደሉ ሰዎች ስለ ዘራቸው ብቻ ተገደሉ፥ ከቤታቸውም ተሰደዱ። ሁለቱም እውነት ነው። አንዱን ብቻ የሚናገር ሰው ግማሽ እውነት ይናገራል፤ ግማሽ እውነትም ጠብ ያነሣል።

እንግዲህ ከዚህ ሕይወት የምትማረው ምንድር ነው? አስቀድሞ፥ ሰውን ራሱን በሚጠራበት ስም ጥራው። ባልንጀራህ በቋንቋው ሲናገር ታግሠህ ስማው፤ ጥቂትም ብትሆን ቋንቋውን ተማር፤ ኦኔሲሞስ የገዛ ቋንቋውን እንኳ ከወጣት ሴት ለመማር አላፈረምና። ጐረቤትህ የአያቱን በደል ሲነግርህ ያለፈ አለፈ ብለህ አፉን አትዝጋው፤ አንተ ባታደርገውም፥ ከዚያ ዘመን የተረፈልህ ማዕረግ ወይም ትምህርት ወይም ቤት ይኖር እንደ ሆነ መርምር፤ ካለም እመን። አንተም የተበደልህ ወገን ልጅ፥ እውነቱን ሳትቀንስ ተናገር፤ ነገር ግን የአያትን ኃጢአት በልጅ ልጅ ራስ ላይ አትጫን፤ ፍርድን ፈልግ እንጂ በቀልን አትፈልግ። ሁላችሁም በቤታችሁ ያለች አስቴር ማን እንደ ሆነች ጠይቁ፤ እንጀራ የምትጋግረው፥ ውኃ የምትቀዳው፥ ስሟ የማይጠራው ማን ናት?

በወረዳችን ያለው ኦዳ ቡልቱም የኢቱ አባቶች ከጥንት ጀምሮ ተቀምጠው ስለ ሕጋቸው የተነጋገሩበት ስፍራ ነው። አንባቢ ሆይ፥ በጥላ ሥር ፊት ለፊት ተቀምጦ መነጋገር ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። የጐደለው ጥላው አይደለም፤ አስቀድሞ ለመስማት የሚቀመጥ ሰው ነው። ዛሬ ማታ ከጐረቤትህ ጋር ቡና ስትጠጣ ያ ሰው አንተ ሁን። በአባቱ አገር ምን እንደ ተደረገ ጠይቀው፤ ሲነግርህም አታቋርጠው። ከባሪያ አብልጦ እንደ ወንድም መቀበል የሚጀምረው ከዚህ ነው። አምላካችንም የሚሰማ ጆሮና የማይዋሽ አንደበት ይስጠን፤ አሜን።