ከታላላቅ ሰዎች ሕይወት፦ መብረቅ የሠራው ስደተኛ



ሰማዩ ሲያጉረመርም ልጆች ወደ እናታቸው ይሮጣሉ። መብረቅ የኤሌክትሪክ መስመር ሲመታ ደግሞ ከተማ ሙሉ ሊጨልም ይችላል። ይህን ጉዳት ለመከላከል ሰው ሠራሽ መብረቅ ሠርቶ ያጠናውን የቻርልስ ስታይንሜትዝን ታሪክ በዚህ እትም እናቀርብላችኋለን። የመረጥነው ስለ መብረቁ ብቻ አይደለም፤ ሰውየው እንደ እናንተው ስደተኛ ስለነበረም ነው።

ስታይንሜትዝ እ.ኤ.አ. በ1865 ብሬስላው በተባለች የፕሩሺያ ከተማ ተወለደ። ከተማዋ ዛሬ ቭሮትስዋፍ ተብላ በፖላንድ ትገኛለች። እናቱ ገና ሕፃን ሳለ ሞተችበት። እንደ አባቱ ጀርባው ጎባጣ፣ ቁመቱም በጣም አጭር ነበር፤ በሒሳብ ግን ጎበዝ ነበር። በዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናቱን ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው በሶሻሊስት ጋዜጣ አዘጋጅነቱ ፖሊስ ይከታተለው ጀመር። በ1888 ዲግሪውን ሳይዝ ወደ ስዊዘርላንድ ሸሸ።

በ1889 ኒው ዮርክ ሲደርስ ገንዘብ አልነበረውም፤ እንግሊዝኛም በቅጡ አያውቅም። የወደቡ ሹማምንት ጉብጠቱን አይተው ሊመልሱት ሲያመነቱ፣ ተከራክሮ ያስገባው አብሮት የተጓዘ ጓደኛው ነው። ወላጆች ሆይ፣ እንዲህ ያለ ጠረጴዛ ፊት ቆሞ መጠበቅ ምን እንደሆነ እናንተ ታውቁታላችሁ።

ሥራ የሰጠው ሩዶልፍ አይክማየር የተባለ፣ እሱም ከጀርመን የመጣ የፋብሪካ ባለቤት ነበር። በንድፍ ሠራተኛነት ጀምሮ፣ በ1892 በሞተር ውስጥ ያለው ብረት በሙቀት መልክ የሚያባክነውን ኃይል አስቀድሞ ማስላት የሚቻልበትን ቀመር ለመሐንዲሶች አቀረበ። ጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ፋብሪካውን ሲገዛ እሱንም ወሰደው።

በ1920 በወንዝ ዳር የነበረችውን ጎጆውን መብረቅ መታት፤ መስታወቱም ተሰባበረ። ስታይንሜትዝ ስብርባሪውን አንድ በአንድ ለቅሞ ገጣጠመና መብረቁ የሄደበትን መንገድ መረመረ። የሰማይ መብረቅ ግን መቼና የት እንደሚወርድ አይታወቅም። ስለዚህ በላቦራቶሪ የራሱን መብረቅ ሠራ። ኤሌክትሪክ በሚያጠራቅሙ የመስታወት ሰሌዳዎች ላይ ኃይሉ ቀስ በቀስ ይከማቻል፤ ከዚያ ከዓይን ቅጽበት ባነሰ ጊዜ በአንድ ላይ ይለቀቃል። በ1922 ለሕዝብ ባሳየው ሙከራ ኃይሉ ወደ 120,000 ቮልትና 10,000 አምፔር ደርሶ ጠንካራ እንጨት ሰነጣጠቀ።

ይህ ለትርኢት ብቻ የተደረገ አልነበረም። ጎርፍ እንዳይገባባችሁ በቤታችሁ ዙሪያ ቦይ ትቆፍሩ የለም? የመብረቅ መከላከያም እንዲሁ ነው፤ በደህና ቀን የመስመሩን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት አያሳልፍም፣ መብረቅ ሲመጣ ግን መንገድ ከፍቶ ኃይሉን ወደ መሬት ያፈስሰዋል፤ ወዲያውም ይዘጋል። ቦዩ ይበቃ እንደሆነ ለማወቅ የዝናብ ቀን መጠበቅ ግድ ነው፤ ስታይንሜትዝ ግን መከላከያዎቹን የሚፈትንበትን ማዕበል በእጁ አገኘ።

ስታይንሜትዝ አላገባም፤ ረዳቱን እንደ ልጅ ተቀብሎ፣ ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ቤት ኖረ፤ የረዳቱም ልጆች የልጅ ልጆቹ ሆኑለት። በዩኒየን ኮሌጅ አስተማረ፤ በሚኖርባት በስከነክታዲ ከተማ የትምህርት ቦርድ ፕሬዚዳንትም ሆነ። ብሬስላው ላይ ያመለጠው የዶክትሬት ማዕረግ በ1903 ከዩኒየን ኮሌጅ በክብር ተሰጠው። በጥቅምት 1923 በ58 ዓመቱ ዐረፈ።

ተማሪዎች፣ ብዙዎቻችሁ ትምህርታችሁን ከመካከል አቋርጣችሁ መጥታችኋል። የተቋረጠ ትምህርት አልቋል ማለት አይደለም፤ ስታይንሜትዝ ድንበር ሲሻገር ዲግሪ ባይዝም ሒሳቡን ይዞ ነበር። እናንተም የያዛችሁትን አትጣሉ። ወላጆችም፣ አካሉ የደከመ ልጅ ቢኖራችሁ ከቤት አታስቀሩት፤ ወደ ክፍል ላኩት።

አንድ ነገር አደራ፦ መብረቅ ሲኖር ከዛፍ ሥርና ከኤሌክትሪክ ምሰሶ አጠገብ አትጠለሉ።