የቋራው ካሳና የጋፋት መድፎች

ከገዳሪፍ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚያቀናው ጥንታዊ የነጋዴ መንገድ ጋላባት ሲደርስ አንዲት አነስተኛ ወንዝ ይሻገርና መተማ ይገባል። ቡናው፣ ሰሙ፣ ጥጡ፣ ፈረሱና አሳዛኙ የባሪያ ንግድ ሳይቀር የሚተላለፉት በዚሁ በር ነበር። ከዳርፉር መጥተው የሰፈሩት ተክሩሮች ገበያውን ይዘው ለሁለቱም ወገን ግብር እየከፈሉ ይኖሩ ነበር። የግብፁ ገዥ የመሐመድ ዓሊ ጦር በ1813 ዓ.ም. ሱዳንን ሲይዝ ግን በዚህ ዳርቻ ላይ መድፍና የሠለጠነ እግረኛ ያለው ጎረቤት ተተከለ። የአገሬው ሕዝብ ቱርክ ብሎ የሚጠራው ይህንኑ ነበር።

በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባለው ካሳ ኃይሉ የተወለደው ከመተማ በስተደቡብ በምትገኘው ቋራ ነው፤ ዘመኑም 1811 ዓ.ም. ገደማ ነበር። አባቱን በሕፃንነቱ አጣ። ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ከቤተ ክህነቱ ትምህርት ቀስሞ ካደገ በኋላ በዘመዱ በደጃዝማች ክንፉ ቤት የጦር ሥራ ተማረ። ደጃዝማች ክንፉ በ1829 ዓ.ም. ወድ ከልተቡ በተባለው ስፍራ የግብፅን ጦር ድል ነሡ። ይህ ድል ታላቅ ነበር፤ ነገር ግን ለተመልካቹ ወጣት ያስተማረው ትምህርት ግማሽ እውነት ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ፈረስ፣ ጦር፣ ጋሻና ወኔ ካሉ ቱርክ ይሸነፋል የሚል እምነት አሳደረበትና።

ደጃዝማች ክንፉ ከሞቱ በኋላ ካሳ ሸፈተ፤ በቆላው እየተዘዋወረ ሠራዊት አበጀ፤ የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን አገባ፤ እንደገናም ተጣልቶ የራስ ዓሊን እናት እቴጌ መነንን በጦርነት ማረከ። ይህን ሁሉ በፍጥነት የምናልፈው የሕይወቱን አቅጣጫ የለወጠው ነገር የደረሰው ከዚህ በኋላ ስለሆነ ነው።

በመጋቢት 1840 ዓ.ም. ካሳ ብዙ ሠራዊት አስከትሎ ወደ ሱዳን ምድር ዘለቀና ደባርቂ ላይ የግብፅን ጦር ገጠመ። ጠላት በቁጥር ያነሰ ቢሆንም በእሾህ አጥርና በምሽግ ውስጥ ሆኖ፣ መድፉን ጠምዶ፣ በትእዛዝ የሚተኩስ ነበር። የካሳ ፈረሰኛ ደጋግሞ ወረወረ፤ አጥሩ ዘንድ ሳይደርስ መድፍና ጠመንጃ አጨደው። በድፍረት የታወቀ ሠራዊት በአንድ ቀን ውስጥ ተሰባብሮ ተመለሰ።

ሌላ አለቃ ቢሆን ኖሮ ሽንፈቱን በዕድል ወይም በከዳተኛ ያመካኝ ነበር። ካሳ ግን ጉድለቱ የት እንደ ሆነ ለይቶ ለማወቅ ተነሣ። ሁለት ነገር አገኘ፤ አንደኛው የሥርዓት እጦት፣ ሁለተኛው የመሣሪያ እጦት። ለመጀመሪያው መድኃኒት ሠራዊቱን በአሥር፣ በአምሳ፣ በመቶና በሺህ እየከፈለ አለቃ ሾመ። ዛሬም ወታደሩ ማዕረጉን ሲጠራ አምሳ አለቃ፣ መቶ አለቃ፣ ሻለቃ የሚለው ከዚያ ዘመን የተወረሰ ነው። በዚህም ሥርዓት በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ ራስ ዓሊን፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርጎ ቴዎድሮስ ተብሎ ዘውድ ጫነ።

ሁለተኛው ጉድለት ግን በሹመት የሚሞላ አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ የሰበሰቡት ጠመንጃ ከየአገሩ የመጣ፣ ዓይነቱም የተለያየ ነበር። አንዱ በክር እሳት ይለኮሳል፤ ሌላው በመዶሻ ተመትቶ ይተኩሳል፤ የአንዱ አረር ለሌላው አፈሙዝ አይገባም። ዝናብ ሲጥል ባሩዱ ይርሳል፤ የውስጡ ሞላ ከተሰበረ በእሳት አግሎና አቀዝቅዞ ልኩን የሚመልስለት ባለሙያ በቅርብ አይገኝም። መሣሪያው እምቢ ያለው ተኳሽ ጦርነቱ መካከል ባዶ እጁን የቀረ ያህል ነው፤ ዘብ ቆሞ ያደረ አንባቢ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም። ዐፄ ቴዎድሮስ የተገዛ መሣሪያ የሠሪው አገር ጥገኛ እንደሚያደርግ ስለተረዱ መሣሪያውን በአገር ቤት ማሠራት ቆረጡ።

በደብረ ታቦር አጠገብ ያለችው ጋፋት በዚህ ምክንያት የብረት ሥራ መንደር ሆነች። ወንጌል ለመስበክ የመጡ የስዊስና የጀርመን ተወላጆች፣ ከነዚህም አንዱ ቴዎፊሎስ ዋልድማየር፣ መድፍ እንዲያቀልጡ ታዘዙ። አናጢውና አንጥረኛው ከመካከላቸው ቢገኝም መድፍ ማቅለጥ ግን ሙያቸው አልነበረም። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ። የምድጃው ጡብ እሳቱን ካልቻለ ይፈርሳል፤ የአፈሩ ቅርጽ ጥቂት እርጥበት ከቀረበት የቀለጠው ናስ ሲነካው በእንፋሎት ይበተናል። ስለዚህ አፈሩን እየለወጡ፣ ምድጃውን እያፈረሱና እየሠሩ፣ ስሕተቱን አንድ በአንድ እያረሙ ሄዱ። የአገር ልጆችም ከጎናቸው ሆነው ሙያውን ይማሩ ነበር። በ1859 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለው ታላቁ መድፍ ተሠራ። ክብደቱ 70 ቶን ነው እየተባለ ብዙ ጊዜ ይጻፋል፤ በሰውና በጠፍር ተጎትቶ ተራራ የወጣ ነገር ነውና ሰባት ቶን ያህል ነው የሚለው ግምት ይበልጥ ያሳምናል።

ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው ዘመን ከአውሮፓ ጋር ለመገናኘት ሞክረው ነበር። በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ጽፈው ቱርኮች መንገድ ስለዘጉባቸው መልክተኞቻቸው በደኅና እንዲደርሱ እርዳታ ጠየቁ። መልስ አልመጣም። ደብዳቤውን የተቀበለው ቆንሲል ካሜሮን በአካል ያደርሰዋል ሲባል በሰው ልኮ፣ የጥጥና የንግድ ሁኔታ ለማጥናት በካሰላና በመተማ በኩል የቱርክን ግዛት ዞሮ ተመለሰ። ደባርቂን ላልረሳ ሰው ከዚህ የከፋ ስድብ አልነበረም፤ ቆንሲሉ በ1856 ዓ.ም. ታሰረ። እሱን ለማስፈታት የተላከው ራሳም ደግሞ ከምጽዋ ተነሥቶ በካሰላና በገዳሪፍ አድርጎ መተማ ገባ፤ እሱም ውሎ አድሮ ታሰረ። በ1858 ዓ.ም. ሚስዮናዊው ፍላድ ሠራተኛና የሥራ መኪና እንዲያመጣ ሚስቱና ልጆቹ በመያዣነት ቀርተው ወደ እንግሊዝ ተላከ። ሠራተኞቹም መኪናዎቹም ምጽዋ ደረሱ። እስረኞቹ ሳይፈቱ አንላክም ተባለ፤ ንጉሡም ሠራተኞቹን ሳላይ አልፈታም አሉ። የናፈቁት መኪና ባሕር ተሻግሮ መጥቶ ከበራፋቸው ተመለሰ። በእኛ አስተያየት ከደባርቂ ይልቅ የጎዳቸው ሽንፈት ይህ ነው፤ የሚያስፈልጓቸውን ባለሙያዎች በእጃቸው ባሉት እስረኞች ሊገዙ አስበው ሁለቱንም አጡ።

ከዚያ ወዲያ አገሩ ሸፈተባቸው፤ ሠራዊቱም ከዳ። በ1860 ዓ.ም. መባቻ ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፎቻቸውን በሠረገላ ይዘው ወደ መቅደላ አቀኑ። መንገዱ ቀድሞ ያልነበረ ስለሆነ ድንጋዩ እየተፈነቀለ፣ ገደሉ እየተናደ ይሠራ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው ድንጋይ ይሸከሙ ነበር። ጉዞው ስድስት ወር ያህል ፈጀ። ጄኔራል ናፒየርም ከዙላ የተነሣውን ጦር እየመራ በዚያው ጊዜ ይቃረብ ነበር።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. እሮጌ ላይ ጦርነት ሆነ። በኮረብታው ላይ ከተጠመዱት ታላላቅ መድፎች አንዱ ባሩድ በዝቶበት ገና በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ፤ የቀሩትም ጥይታቸው ከጠላት ራስ በላይ አለፈ። ፊታውራሪ ገብርዬ የመሩት ሠራዊት በዝናብ ውስጥ ቁልቁል ሲወርድ ከኋላ የሚጎርሰው ሰናድር ጠበቀው። ሰናድር በሠለጠነ እጅ በደቂቃ እስከ 10 ጊዜ ይተኩሳል፤ በአፈሙዙ የሚጎርሰው ጠመንጃ ግን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ቢተኩስ ነው። ገብርዬ ወደቀ፤ ከርሱም ጋር 700 ያህል ሰው አለቀ። ከእንግሊዝ ወገን የቆሰለው 20 ያህል ብቻ ነበር። ደባርቂ ላይ የታየው ነገር ከ20 ዓመት በኋላ በአገር መካከል ተደገመ።

ሚያዝያ 6 ቀን እንግሊዞች የመቅደላን በር ሲሰብሩ ዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ከመስጠት ይልቅ ንግሥት ቪክቶሪያ ቀድሞ በስጦታ በላከችላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ። እንግሊዞች አምባውን አቃጠሉ፤ ያገኟቸውንም መድፎች ሰባበሩ። የጋፋት ሠራተኞች ከተፈቱት አውሮፓውያን ጋር ከአገር ወጡ፤ ምድጃውም ጠፋ። ሴባስቶፖል ግን ከመቅደላ አጠገብ በወደቀበት ቀረ፤ አምሳያው አዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል።