ግእዝን ለትውልድ ያሻገሩት ሊቅ፤ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ

የድሬዳዋ ስም ሲነሳ በአብዛኛው የሚታወሰው ባቡር፣ ንግድና ጉምሩክ ነው። ይሁንና ከተማዋ በኢትዮጵያ የቅዱሳት መጻሕፍትና የመዝገበ ቃላት ታሪክ ውስጥም የራሷ ሥፍራ አላት። ይህን ሥፍራ እንድትይዝ ካደረጉት ሰዎች መካከል ቀዳሚው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ናቸው።

በሸዋ የተወለዱት አለቃ ኪዳነ ወልድ በወጣትነታቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተጉዘው ሠላሳ ዓመት ገደማ በዚያ ኖረዋል። በቅድስት ከተማ ከመምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ዘንድ የመጻሕፍትን ትርጓሜ ከመማራቸውም በላይ ዕብራይስጥና ዐረብኛን የመሳሰሉ የግእዝ ዘመድ ቋንቋዎችን አጥንተዋል። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የግእዝ መዝገበ ቃላት ማዘጋጀት ጀምረው ስለነበር፣ ከማረፋቸው በፊት ሥራውን ለደቀ መዝሙራቸው በአደራ አስረከቡ።

በዘመኑ የነበረው ታላቁ የግእዝ መዝገበ ቃላት ጀርመናዊው ሊቅ ዲልማን እ.ኤ.አ. በ1865 ያሳተመው ሲሆን፣ ፍቺው በላቲን የተጻፈ ነበር። በመሆኑም ኢትዮጵያዊው ተማሪ የገዛ አገሩን ጥንታዊ ቋንቋ የሚመረምርበት፣ በአማርኛ የተፈታ በቂ መዝገበ ቃላት አልነበረውም።

የኢትዮጵያ ነገሥታት መጻሕፍትን ማስጻፍና ለአድባራት መስጠት የቆየ ልማዳቸው ነው። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንንም ይህንኑ ልማድ ከማተሚያ መኪና ጋር አገናኙት። አለቃ ኪዳነ ወልድ ወደ አገራቸው ተመልሰው፣ ከብሉያት መጻሕፍት መካከል ምሥጢሩ እጅግ የሚከብደውን የሕዝቅኤልን ትርጓሜ እንዲያዘጋጁ ጠሯቸው። ሊቁም በ1912 ዓ.ም. ገደማ ተመለሱ።

የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. የደረሰባት ድሬዳዋ ከጅቡቲ ወደብ ጋር በቀጥታ የተገናኘች በመሆኗ ለኅትመት ሥራ የተመቸች ነበረች። በካቶሊክ ሚሲዮን ሥር የነበረው የቅዱስ አልዓዛር ማተሚያ ቤትም የሚገኘው በዚህችው ከተማ ነበር። የሕዝቅኤል መጽሐፍ ከነትርጓሜው በዚሁ ማተሚያ ቤት በ1916 ዓ.ም. ታተመ። የኦርቶዶክስ ሊቅ ድካም፣ የካቶሊክ ሚሲዮን ማተሚያ ቤትና የመንግሥት ድጋፍ በአንድ መጽሐፍ ላይ መገናኘታቸው ለዘመኑ ቀላል ነገር አልነበረም።

አለቃ ኪዳነ ወልድ ከዚህ በኋላም በድሬዳዋ ተቀምጠው፣ ደስታ ተክለ ወልድ ከተባሉት ደቀ መዝሙራቸው ጋር በመሆን መዝገበ ቃላቱን ማዘጋጀታቸውን ቀጠሉ። ቃላቱን በተለመደው የሀለሐመ ተራ ሳይሆን በአበገደ ሥርዓት ደለደሏቸው፤ ከዕብራይስጥ፣ ከሱርስትና ከዐረብኛም ጋር አነጻጸሯቸው። ይሁን እንጂ በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጣሊያን ጦር አገሪቱን ወረረ። ነፃነት ከተመለሰ በኋላም ሊቁ የድካማቸውን ፍሬ በኅትመት ሳያዩ በ1936 ዓ.ም. አረፉ።

አደራው ግን አልተቋረጠም። አለቃ ደስታ የመምህራቸውን ረቂቅ አጠናቀው፣ «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» የተሰኘውን ከ900 ገጽ በላይ ያለው መጽሐፍ በ1948 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በአርቲስቲክ ማተሚያ ቤት አሳተሙ። እርሳቸውም በበኩላቸው ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላትን በ1962 ዓ.ም. ለአንባብያን አቅርበዋል።

በኢየሩሳሌም ተጀምሮ፣ በድሬዳዋ ዳብሮ፣ በአዲስ አበባ የታተመው ይህ ሥራ የሦስት ትውልድ ድካም ውጤት ነው። የቤተ መንግሥቱ ጥሪ ሊቁን ወደ አገራቸው መልሷል፣ መጽሐፋቸውንም ለኅትመት አብቅቷል፤ መዝገበ ቃላቱን ለፍጻሜ ያደረሰው ግን አንዱ መምህር የጀመረውን ሌላው ተረክቦ መቀጠሉ ነው። መጽሐፉ ዛሬም የግእዝ ተማሪዎችና ተመራማሪዎች ዋነኛ መመሪያ ሆኖ በማገልገል ላይ ይገኛል።