ሆ ኬ፦ ለጉብኝት ሄዶ የቀረው ፈረንጅ መምህር

ቻይና ገጠር ገብቶ ማስተማር ዛሬ የቪዲዮ ርዕስ ሆኗል። አንድ ፈረንጅ ሻንጣውን እየጎተተ መንደር ይገባል፣ ልጆች ይከቡታል፣ ኑድል ሲበላ ይቀረጻል፣ ከዚያ ዓመት ሳይሞላው ሌላ አገር ሄዶ ሌላ ቪዲዮ ይለቃል። እኔም አያለሁ፣ አልዋሽም። ዛሬ የማወራችሁ ልጅ ግን ይሄንኑ ያደረገው ከ80 ዓመት በፊት፣ ያውም በጦርነት መሐል ነው። ደግሞም አልተመለሰም።

ጆርጅ ሆግ ይባላል። የተወለደው በጥር 1915 (ዓመታቱ ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ናቸው) ከለንደን በስተሰሜን ባለችው ሃርፐንደን ከተማ ነው። ደህና ኑሮ ካለው ቤተሰብ ወጥቶ ኦክስፎርድ ተማረ፣ በ1937 ተመረቀ። ከዚያ እንደ ብዙ ተመራቂ ሥራ ከመያዙ በፊት ዓለምን ልይ አለ። አክስቱ ሚዩሪየል ሌስተር ታዋቂ የሰላም ተሟጋች ነበሩ፤ ጋንዲ በ1931 ለንደን ሲመጡ ያረፉት እሳቸው በመሠረቱት ቤት ነው። የወንድም ወይ የእህት ልጅ ሆኖ እንዲህ ያለች አክስት ማግኘት ዕድል ነው መቼም። ልጁ አሜሪካን በሰው መኪና እየለመነ አቋርጦ፣ ከአክስቱ ጋር ጃፓንን አየና በ1938 መጀመሪያ ላይ ሻንጋይ ደረሰ።

ሻንጋይ በጃፓን ጦር እጅ ከወደቀች ገና ጥቂት ወራት ነበር። ከተማዋ በተፈናቃይ ተጥለቅልቃለች። ጥቂት ቆይቶ ወደ አገሩ ሊመለስ የነበረው የ23 ዓመት ወጣት አክስቱን ሸኝቶ እሱ ቀረ። ሀንኮው ወደምትባለው ከተማ ወርዶ ለዜና ወኪሎች መጻፍ ጀመረ። ቻይንኛውንም የተማረው ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ ሳይሆን ከሰዉ ጋር እየኖረ፣ እየተሳሳተ ነው።

እኔ ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይሆናል፣ ከታሪኩ ሁሉ የሚይዘኝ ቀጥሎ ያለው ክፍል ነው። የቻይና ዘመናዊ ፋብሪካዎች በአብዛኛው የነበሩት በባሕር ዳርቻ ከተሞች ነው። ጃፓን እነሱን ስትይዝ አገሪቱ ልብስና ብርድ ልብስ እንኳ የምትሠራበትን አጣች። በሌላ በኩል በሚሊዮን የሚቆጠር ተፈናቃይ ወደ መሐል አገር ይጎርፋል፤ ውስጡ ሸማኔ፣ ብረት ሠሪ፣ አታሚ አለ። እጅ አለ፣ ሥራ የለም። በ1938 የኒውዚላንዱ ሪዊ አሌይ፣ አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ኤድጋር ስኖውና ባለቤቱ፣ ከቻይናውያን ወዳጆቻቸው ጋር ሆነው አንድ ሐሳብ አመጡ፦ ሰዎቹን በትናንሽ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ማደራጀት፣ ትንሽ ብድር መስጠት፣ ወርክሾፖቹን ደግሞ በየገጠሩ መበተን። አንድ ትልቅ ፋብሪካ በአንድ ቦምብ ያልቃል። በየዋሻውና በየመንደሩ የተበተነ ሺህ ወርክሾፕ ግን ለአውሮፕላን አይመችም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ማኅበራቱ ወደ 3,000 ገደማ ደረሱ፤ ለጦሩ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር የሱፍ ብርድ ልብስ አቀረቡ። አሜሪካኖች ዛሬ ሥራ ላይ የሚግለበለብን ሰው የሚጠሩበት ጋንግ ሆ የሚለው ቃል የመጣው ከእነዚህ ማኅበራት የቻይንኛ ስም አሕጽሮት ነው።

ሆግ ከእነሱ ጋር ተቀላቀለ። መቀመጫውን በሰሜን ምዕራቧ ባዎጂ አድርጎ የማኅበራቱን ሥራ ለውጭው ዓለም የሚጽፍና ገንዘብ የሚያሰባስብ ጸሐፊ ሆነ። ማዕረጉ ቃል በቃል ሲተረጎም የውቅያኖስ ጸሐፊ ነው፤ ቻይናዎች ያኔ ከባሕር ማዶ ለመጣ ነገር ሁሉ ውቅያኖስ የሚለውን ቃል ይቀጥሉበት ነበርና። እኛ ፈረንጅ የምንለውን ማለት ነው። በበቅሎም፣ በብስክሌትም፣ በእግሩም ማኅበራቱን እየዞረ አየ። ያየውን የጻፈበት መጽሐፍም በ1944 አሜሪካ ውስጥ ታተመ።

ሲዞር አንድ ነገር ገባው። ብድርና መሣሪያ ቢገኝም ሒሳብ የሚይዝ፣ ማሽን የሚጠግን፣ ስብሰባ የሚመራ ሰው የለም። ማኅበራቱ የሚወድቁት እዚያ ላይ ነበር። ለዚህ ተብሎ ቤይሊ የተባሉ የሥልጠና ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ፤ ስማቸው የወጣው ለረጅም ዓመታት ቻይና ውስጥ ከሠራው ጆሴፍ ቤይሊ ከተባለ አሜሪካዊ ሚሲዮናዊ ነው። ከእነሱ አንዱ በሻንሺ ተራሮች ውስጥ ባለች ሽዋንግሺፑ በምትባል ትንሽ ከተማ ነበር። ቦታውን የሚፈልገው ሰው አልነበረም። ርዕሰ መምህራኑ እየመጡ ብዙም ሳይቆዩ ተራ በተራ ለቀው ሄደዋል። በ1942 ሆግ ተረከበው። 27 ዓመቱ ነበር።

ተማሪዎቹ ወላጅ አልባና ተፈናቃይ ልጆች ናቸው፤ እከክ የያዛቸው፣ ምግብ ያነሳቸው፣ አዋቂን ማመን ያቆሙ። ሆግ የጀመረው ከእንግሊዝኛ አይደለም። ከመታጠብ፣ ከመብላትና ከመዝፈን ነው። አዎ፣ ከመዝፈን። የአገሩን ዘፈን አስተማራቸው፣ የእነሱን ተማረ፣ ወንዝ ወርዶ አብሯቸው ዋኘ፣ ቅርጫት ኳስ ተጫወተ። የቀኑ ግማሽ ትምህርት፣ ግማሹ ሥራ ነው፦ መፍተል፣ ሽመና፣ የማሽን ጥገና። ያኔ በቻይና የዋጋ ንረቱ ጣራ ነክቶ ስለነበር ዛሬ የተላከ እርዳታ ሳምንት ሲያድር ዋጋው ይወርዳል። ስለዚህ የወርክሾፑ ሥራ ማስተማሪያ ብቻ ሳይሆን እንጀራም ነበር። ልጆቹ ሆ ኬ ይሉታል፤ የስሙ ቻይንኛ ነው። ፈረንጅነቱ መጀመሪያ ላይ መሳቂያ ነበር፣ ቆይቶ ረሱት።

ቤቱ ውስጥ ደግሞ አራት ወንድማማቾች ነበሩ። እናታቸው ታማ ሞተች፣ አባታቸው በጦርነቱ ምክንያት ሩቅ ነው። ላጤው እንግሊዛዊ አራቱንም እንደ ልጆቹ ወሰዳቸው። እስቲ አስቡት፣ ገና ሠላሳ ያልሞላው ሰው ነው፤ አገሩ በጦርነት ላይ ናት፤ እኩዮቹ ወታደር ወይም ባለሥልጣን ሆነዋል፤ እሱ ተራራ ላይ የትንንሽ ልጆች አፍንጫ ይጠርጋል። እኛ ክፍል ውስጥ የታለፈ ዕድል ዋጋ ብለን የተማርነውን ነገር ይህ ሰው በምን ሒሳብ እንዳሰላው አላውቅም። ብቻ የከሰረ አይመስልም ነበር።

በ1944 ነገሩ ተበላሸ። የጃፓን ጦር እንደገና ወደ ውስጥ መግፋት ጀመረ። የብሔርተኛው መንግሥት ሰዎች ደግሞ ማኅበራቱን በኮሚኒስትነት ይጠረጥራሉ፤ ትልልቆቹን ተማሪዎች ለውትድርና ሊያፍሷቸው ይፈልጋሉ። ሆግና አሌይ ትምህርት ቤቱን ነቅለው በጥንቱ የሐር መንገድ ላይ ወዳለችው የጋንሱ ከተማ ሻንዳን ሊወስዱት ወሰኑ። ርቀቱ 1,100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ክረምት 60 የሚሆኑ ልጆች የቻሉትን ማሽን ሁሉ ይዘው፣ ከፊሉን በእግርና በጋሪ፣ ከፊሉን በጭነት መኪና፣ በበረዶ የተሸፈኑ ተራሮችን ተሻገሩ። በ1945 መጀመሪያ ላይ ሻንዳን ደረሱና አሮጌ ቤተ መቅደስ ውስጥ ሰፈሩ። ከሥሩ እሳት የሚነድበት የጭቃ መደብ ሠሩ፣ ማሽኖቹን ተከሉ፣ ትምህርት ቀጠለ።

በ2008 ስለዚህ ጉዞ የተሠራ ፊልም አለ። ማየት አትከለከሉም፣ ግን ፊልሙ እንደ ልማዱ የፍቅር ታሪክ ጨምሮበታል። እኔን ያናደደኝ ግን ሰውየውን በአጋጣሚ እዚያ የተጣለ ጀብደኛ ማስመሰሉ ነው። ሆግ ትምህርት ቤቱን ሲረከብ ቻይና ውስጥ አራት ዓመት ኖሯል፤ የማኅበራቱን ድካም አይቷል፤ ምን ውስጥ እንደሚገባ አሳምሮ ያውቅ ነበር።

በሐምሌ 1945 ከልጆቹ ጋር ቅርጫት ኳስ ሲጫወት የእግር ጣቱን አቆሰለ። ትንሽ ቁስል ናት፣ ማንም ከቁም ነገር የሚቆጥራት አይደለችም። ጥቂት ቀናት ቆይቶ መንጋጋው መያያዝ ጀመረ። መንጋጋ ቆልፍ፣ ማለትም ቴታነስ ነው። ሻንዳን ውስጥ መድኃኒቱ የለም። ያለው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ የምትርቀው ላንጆ ነው፤ መንገዱ ደግሞ መንገድ አይባልም። ሰው ተላከ፣ መድኃኒቱ ግን በጊዜው አልደረሰም። ሆግ ያለው ሁሉ ለትምህርት ቤቱ እንዲሆን በወረቀት ላይ ጽፎ ሐምሌ 22 ቀን ሞተ። 30 ዓመቱ ነበር። ጃፓን እጅ መስጠቷን ያወጀችው አራት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ነው።

ይቺን ቦታ ሳነብ ሁሌም እቆማለሁ። ቦምብ፣ ረሃብና የበረዶ ተራራ ያልገደሉትን ሰው አንድ ብልቃጥ መድኃኒት በመጥፋቱ ብቻ አጣነው። ቴታነስን የሚከላከል ክትባት እኮ ያኔም ነበር፤ ያልነበረው ሻንዳን ውስጥ ነው።

ልጆቹ እዚያው ሻንዳን ቀበሩት። ሪዊ አሌይ ርዕሰ መምህር ሆኖ ቦታውን ያዘ፣ አራቱንም ወንድማማቾች ተረከበ። ትምህርት ቤቱ ሰፍቶ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ወደ ላንጆ ተዛወረ፣ የነዳጅ ሙያ ማሠልጠኛ ሆነ። መቃብሩ ግን በባህል አብዮቱ ጊዜ ፈረሰ። በ1980ዎቹ መልሰው ሠሩት። በ1987 ደግሞ ሻንዳን ውስጥ አዲስ የቤይሊ ትምህርት ቤት ተከፈተ። አሌይ ይህን ካየ በኋላ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ቤጂንግ ውስጥ በ90 ዓመቱ አረፈ።