ከ34 ዓመታት በኋላ ሰሚ ያገኘው የኤልቪስ ፕሪስሊ የፊልም ዘፈን

የሮክ ኤንድ ሮል ንጉሥ በሚል ስያሜ የሚታወቀው አሜሪካዊው ድምፃዊ ኤልቪስ ፕሪስሊ በሕይወት ዘመኑ ብዙም ሰሚ ያላገኘ አንድ የፊልም ዘፈን ነበረው። ይኸው ዘፈን ድምፃዊው ባረፈ በ25ኛው ዓመት በበርካታ አገሮች የሽያጭ ሰንጠረዥን በቀዳሚነት ለመምራት በቅቷል።

ኤልቪስ እ.ኤ.አ ጥር 8 ቀን 1935 በሚሲሲፒ ግዛት በምትገኘው ቱፔሎ ከተማ ከድሃ ቤተሰብ ተወለደ። መንትያ ወንድሙ ሞቶ በመወለዱ ለወላጆቹ ብቸኛ ልጅ ሆኖ አድጓል። ቤተሰቡ በ1948 ወደ ሜምፊስ የተዛወረ ሲሆን፣ ወጣቱ በ1954 በዚያው ከተማ በሚገኘው ሰን የተሰኘ ስቱዲዮ የመጀመሪያውን የንግድ ሸክላ አስቀረጸ። ከሁለት ዓመታት በኋላ ዝናው በመላው አሜሪካ ናኘ፤ በዚያው በ1956ም የመጀመሪያ ፊልሙን ሠራ።

ከ1958 እስከ 1960 የውትድርና አገልግሎቱን ፈጽሞ ሲመለስ፣ ሥራ አስኪያጁ ቶም ፓርከር ትኩረቱን በሆሊውድ ላይ እንዲያደርግ አመቻቸለት። ኤልቪስ በጠቅላላው በ31 ፊልሞች ተውኗል። ብርቱ የትወና ችሎታ የሚጠይቁ ሚናዎችን ይመኝ የነበረ ቢሆንም፣ የሚቀርቡለት ድርሰቶች ግን እርስ በርሳቸው የሚመሳሰሉ ነበሩ። ዘፈኖቹም ለፊልሙ ማሟያ ያህል በጥድፊያ የሚዘጋጁ በመሆናቸው፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ ተደማጭነቱ እያሽቆለቆለ መጣ።

«ኤ ሊትል ሌስ ኮንቨርሴሽን» የተሰኘው ዘፈን የተቀረጸው በዚህ አስቸጋሪ ወቅት፣ በመጋቢት 1968 ነው። ርዕሱ ወሬው ቀነስ ይበል እንደማለት ነው። ደራሲዎቹ ማክ ዴቪስና ቢሊ ስትሬንጅ ሲሆኑ፣ ዘፈኑ ኤልቪስ የፎቶግራፍ ባለሙያ ሆኖ በተወነበት «ሊቭ ኤ ሊትል፣ ላቭ ኤ ሊትል» ፊልም ውስጥ ይሰማል። በአሜሪካ የቢልቦርድ ሰንጠረዥ ግን ከ69ኛ ደረጃ በላይ ከፍ ሊል አልቻለም።

ኤልቪስ በዚያው ዓመት ሰኔ ለቴሌቪዥን ልዩ ዝግጅት ሲሰናዳ ዘፈኑን እንደገና ቢቀርጸውም፣ በታኅሣሥ ወር በተላለፈው ፕሮግራም ውስጥ ሳይካተት ቀረ። ፕሮግራሙ ራሱ ግን ድምፃዊውን ወደ ቀድሞ ክብሩ የመለሰ ነበር። ማክ ዴቪስም በቀጣዩ ዓመት ታላቅ ተወዳጅነት ያተረፈውን «ኢን ዘ ጌቶ» የተሰኘ ዘፈን ደረሰለት።

ኤልቪስ ነሐሴ 16 ቀን 1977 በ42 ዓመቱ በሜምፊስ በሚገኘው ግሬስላንድ መኖሪያው አረፈ። ሳይተላለፍ የቀረው የ1968ቱ ቅጂ በ2002 ኔዘርላንዳዊው የሙዚቃ አቀናባሪ ቶም ሆልከንቦርግ እጅ ገባ። አቀናባሪው በአዲስ ምት ያቀናበረው ይኸው ሥራ፣ ደቡብ ኮሪያና ጃፓን በጣምራ ካስተናገዱት የዓለም ዋንጫ ጋር ተያይዞ በተሠራ የናይኪ ኩባንያ ማስታወቂያ አማካይነት በዓለም ዙሪያ ተሰማ። በብሪታንያም ለአራት ሳምንታት በአንደኝነት ቆየ። በዚህም ኤልቪስ በአገሪቱ አንደኛ የወጡ ዘፈኖቹን 18 በማድረስ፣ እስከዚያ ድረስ በ17 ዘፈኖች እኩል የነበሩትን ቢትልሶችን ሊቀድም ችሏል።

የዘፈኑ ታሪክ፣ ኤልቪስ ተዳክሟል በተባለበት ዘመንም ችሎታው አብሮት እንደነበረ ያመለክታል። ያጣው ነገር ቢኖር ለድምፁ የሚመጥን መድረክ ነበር።