አፈወርቅ፦ ቃሉ መሐላ ያላስፈለገው አባት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ቅዳሴ ተፈጽሞ ስንወጣ ገበያው ደጅ ላይ ይጠብቀናል። ሻጩ በዚህ ዋጋ አያዋጣኝም ለማለት ማርያምን ይላል። ገዢውም የያዝኩት ይህችው ናት ለማለት ጊዮርጊስን ይላል፤ ሌላ ብር ግን ኪሱ ውስጥ አለ። ሥጋውን ትተናል፣ ወተቱን ትተናል፤ መሐላውን ግን አልጾምነውም። እኔም ዲያቆኑ ከዚህ አላመለጥኩም። ገና ጫማዬን ሳላስር ስልክ አንሥቼ መንገድ ላይ ነኝ፣ ሚካኤልን ብዬ አውቃለሁ። የሚያሳፍረው ደግሞ የመልአኩን ስም የጠራሁት ስለዋሸሁ መሆኑ ነው። በእውነት መንገድ ላይ ብሆን ኖሮማ መንገድ ላይ ነኝ ማለት ብቻ ይበቃኝ ነበር።

በቋንቋችን ለዚህ ነገር ብዙ ስሞች አሉን። ነገሩን እንደሆነው መናገር እውነት ነው። የሰውን ድርሻ አለመንካት ሐቀኝነት ነው። ልብና አፍ አንድ ሲሆኑ ቅንነት ይባላል። በተናገሩት ቃል ጸንቶ መገኘት ደግሞ ታማኝነት ነው። በዚያኛው ወገን ሐሰት፣ ሽንገላና ግብዝነት ተሰልፈዋል። እነዚህ ስሞች በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ምን እንደሚመስሉ ለማየት በዚህ ጾም ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅን እናስታውስ። ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ በስሙ ይጠራል፤ በግንቦት 12ም በዓሉን እናከብራለን። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ጓደኛውን ያታለለበት ቀን

ዮሐንስ በ347 ዓ.ም. ገደማ በአንጾኪያ ከተማ ተወለደ። አባቱ ገና በሕፃንነቱ ስለ ሞተ ያሳደገችው እናቱ አንቱሳ ናት። በ20 ዓመቷ ባሏ ቢሞትባትም ሌላ ባል አላገባችም፤ ዕድሜዋን ለልጇ ሰጠች። እርሱም ሊባንዮስ ከተባለው ስመ ጥር አረማዊ መምህር የንግግር ጥበብን ተማረ። በዚያ ዘመን ይህ ትምህርት ለጥብቅናና ለሹመት የሚያበቃ ነበር፤ ዮሐንስ ግን ለቤተ ክርስቲያን አዋለው።

ስለ ክህነት በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ነገር ራሱ ይነግረናል። እርሱንና ባስልዮስ የተባለ ጓደኛውን ለክህነት ይፈልጓቸው ነበር። ሁለቱም ቢሾሙ አብረው ሊሾሙ፣ ቢሸሹም አብረው ሊሸሹ ተስማሙ። ዮሐንስ ግን ቀኑ ሲደርስ ተደበቀ። ባስልዮስ ጓደኛዬም ተሹሟል ብሎ አምኖ ተሾመ፤ በኋላ እውነቱን ሲያውቅ አለቀሰ። ዮሐንስም ሐኪም በሽተኛውን፣ የጦር አዛዥም ጠላቱን ለበጎ እንደሚያታልል አድርጎ ራሱን ይከላከላል።

ይህን የማነሣው ቅዱሱን ለመንቀፍ አይደለም፤ እኔ ማን ሆኜ! ነገር ግን ስለ እውነት እየጻፉ የማይመቸውን መደበቅ ራሱ ሐሰት ነው። ደግሞም ይህን ታሪክ የምናውቀው ራሱ ስለጻፈው ነው። ዝም ቢል ማን ያውቅበት ነበር?

ከዚያ በኋላ ዮሐንስ ወደ ተራራ ወጥቶ፣ መጨረሻም በዋሻ ለብቻው ሆኖ ስድስት ዓመት ያህል በጾምና በጸሎት ኖረ። ጤናው ስለ ተጎዳ ወደ ከተማ ተመለሰ። በ381 ዓ.ም. ዲያቆን፣ በ386 ዓ.ም. ቄስ ሆነ።

ከተማው ሞት ሲጠብቅ የሰበከው ስብከት

በ387 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ጾሙ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ ንጉሠ ነገሥት ቴዎዶስዮስ አዲስ ግብር ጣለ። የአንጾኪያ ሕዝብ ተቆጥቶ የንጉሡንና የቤተሰቡን ሐውልቶች አፍርሶ በመንገድ ጎተተ። በዚያ ዘመን ይህ ንጉሡን ራሱን እንደ መምታት ይቈጠር ነበር። ቁጣው ሲበርድ ፍርሃት መጣ። ብዙዎች ታሰሩ፣ የተገደሉም ነበሩ። ከተማው በሙሉ ይጠፋል እየተባለ ሰው ንብረቱን ጥሎ ወደ በረሃ ሸሸ።

አረጋዊው ጳጳስ ፍላብያኖስ የታመመች እኅቱን ትቶ በክረምት ምሕረት ሊለምን ወደ ቍስጥንጥንያ ተጓዘ። ሕዝቡን ማጽናናት ለቄስ ዮሐንስ ቀረ። ሰው ሁሉ ሞቱን እየጠበቀ ነው፤ ታዲያ ዮሐንስ ምን ሰበከ? ስለ ምሕረትና ስለ ትዕግሥት ሰበከ፤ ከሁሉ ደጋግሞ ግን መሐላን ተዉ አለ። ሐውልቶቹን ምክንያት በማድረግ ከተሰበኩት 20 ያህል ስብከቶች በብዙዎቹ ይህንኑ ያነሣል። ሰሚዎቹ እስኪሰለቹ ድረስ ተናገረ፤ መሰልቸታቸውንም ያውቅ ነበር። እስክትተዉ ድረስ እኔም አልተውም የሚል መንፈስ በስብከቱ ሁሉ አለ።

ምክንያቱ ምን ነበር? ሰው ቃሉ ካልታመነ ይምላል፤ በማለ ቁጥር ደግሞ ያልማለበት ቃሉ ይረክሳል። ስለዚህ መሐላ የበዛበት ከተማ እውነት የጠፋበት ከተማ ነው። መማልን የሚከለክለውን ወንጌል ይዞ መማልንም አጥብቆ ነቀፈ። ሄሮድስን አስታወሳቸው፦ የዮሐንስ መጥምቅን አንገት ያስቆረጠው በግብዣ መካከል የማለው መሐላ ነው። ያን የተቆረጠ ራስ በዓይነ ልቡናችሁ ወደ ቤታችሁ ይዛችሁ ግቡ፣ መሐላን ጥሉ ብሎ ሲያስጠነቅቃችሁ ስሙ ብሎ መከራቸው።

መድኃኒትም ሰጣቸው። በቤት ውስጥ የማለ ሰው፣ አባወራም ይሁን ልጅ ወይም አገልጋይ፣ ያን ማታ እራት ሳይበላ ይደር። ሆዱ ሲጮኽ ምላሱ ይማራል።

ከትንሣኤ በዓል በፊት ምሕረት መጣ፤ ፍላብያኖስም ተመልሶ ከሕዝቡ ጋር በዓሉን አከበረ። ከተማው ከንጉሥ ቁጣ ዳነ። ዮሐንስ ግን የፈለገው ከዚህ የበለጠ መዳን ነበር።

በመንበር ላይ

በ397 ዓ.ም. የቍስጥንጥንያ መንበር ባዶ ሆነ። አውትሮፕዮስ የተባለው የቤተ መንግሥቱ ባለ ሥልጣን ዮሐንስን መረጠ። የአንጾኪያ ሕዝብ እንዳይከለክል ፈርተው ዮሐንስን ሰማዕታት ወዳረፉበት ቦታ ጠርተው ከከተማ አስወጡት፤ ከዚያ በሠረገላ ጭነው ወሰዱት። ጓደኛውን አታሎ ያሾመ ሰው እርሱም ተታሎ ለሹመት ተወሰደ! በ398 ዓ.ም. መጀመሪያ ሊቀ ጳጳስ ሆነ። ሥርዓተ ሢመቱን የፈጸመው የእስክንድርያው ፓትርያርክ ቴዎፍሎስ ነበር።

ሐቀኝነቱን መጀመሪያ ያየው የራሱ ቤት ነው። የመንበሩን የቅንጦት ወጪ ቀንሶ ለድውያን ማደሪያና ለድኾች አዋለ። ታላላቅ ግብዣ ትቶ ለብቻው በላ። ያላግባብ የኖሩ ካህናትን አገደ። ሌላውን ከመገሠጹ በፊት የራሱን ማዕድ አሳነሰ፤ ቅንነት ማለት ይህ ነው። ግብዝ ግን በሰው ገበታ ላይ ብቻ ይጾማል።

በ399 ዓ.ም. አውትሮፕዮስ ከሥልጣኑ ወደቀ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሸሽተው የሚጠጉ ሰዎች ጥገኝነት እንዳያገኙ ሕግ ያወጣ ሰው እርሱ ራሱ ሸሽቶ የመሠዊያውን አምድ ያዘ። ወታደርና ሕዝብ ደሙን ፈለጉ። ዮሐንስ ያን ቀን ሁለት ነገር አደረገ። የዚህ ዓለም ክብር ከንቱ መሆኑን በሰውዬው ፊት በግልጽ ተናገረ፤ አሳልፎ ግን አልሰጠውም። በሹመቱ ጊዜ አልሸነገለውም፣ በውድቀቱም ጊዜ አልረገጠውም። እኛ ብዙውን ጊዜ የምናደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ሲሾሙ እናወድሳለን፣ ሲሻሩ እናማለን።

እውነት የሚያስከፍለው

ንግሥት አውዶክስያ በመጀመሪያ ወዳጁ ነበረች። ስለ ጌጥና ስለ ድኾች በደል በግልጽ ሲናገር ግን ቃሉን ጠላችው። በስንክሳር እንደምንሰማውም የመበለቲቱን የአትክልት ቦታ በመውሰዷ ገሠጻት።

ከዚህ በኋላ ያለው ለእኛ ለመጻፍ ይከብዳል። ንግሥቲቱን ደግፎ በ403 ዓ.ም. በኬልቄዶን አጠገብ፣ የዛፉ ጉባኤ በተባለው ስብሰባ ዮሐንስን ያስወገዘው ያው የሾመው ቴዎፍሎስ ነው። የእኛ ቤተ ክርስቲያን አባቶች ለዘመናት ከተሾሙበት ከእስክንድርያ መንበር የመጣ ነው። ከግብፅ ገዳም የተሰደዱ መነኮሳትን ዮሐንስ ማስጠጋቱ ለጠቡ ምክንያት ሆኖ ነበር። ይህን ዘልለን ንግሥቲቱን ብቻ ብንወቅስ ቀላል ነበር፤ እውነት ግን ለወገን አታደላም። ቤተ ክርስቲያንም አልደበቀችውም፤ በቅዱስ ቄርሎስ ዘመን የዮሐንስ ስም በእስክንድርያ በጸሎት ከአባቶች ጋር እንዲነሣ ሆነ። ቄርሎስ የቴዎፍሎስ የእኅቱ ልጅ ነው፣ በዚያ ጉባኤም አብሮት ነበር። ስሕተትን ማረም አባቶችን ማዋረድ እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን።

ዮሐንስ ተሰደደ፤ ሕዝቡ ሲነሣ በጥቂት ቀን ተመለሰ። ዝም ቢል ኖሮ መንበሩ ላይ ይቆይ ነበር። በቤተ ክርስቲያን አጠገብ የንግሥቲቱ የብር ሐውልት ቆሞ ጭፈራው ጸሎትን ሲያውክ ግን እንደገና ተናገረ። በ404 ዓ.ም. ለሁለተኛ ጊዜ በአርመን ተራሮች ወዳለችው ኩኩሶስ ተጋዘ። ከዚያም ለዲያቆናዊቷ ኦሎምፒያስና ለሌሎች ብዙ ደብዳቤ ጻፈ፤ ተሰዳጁ እርሱ ሆኖ ሳለ የሚያጽናናው እነርሱን ነበር። በ407 ዓ.ም. ወደ ጥቁር ባሕር ዳርቻ እንዲወሰድ ታዘዘ። ታሞ፣ በዝናብና በፀሐይ እየተነዳ፣ መስከረም 14 ቀን በኮማና ስለ ሁሉ ነገር እግዚአብሔርን አመስግኖ ዐረፈ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። በ438 ዓ.ም. ዐፅሙ ወደ ቍስጥንጥንያ ሲመለስ የአውዶክስያ ልጅ ንጉሥ ዳግማዊ ቴዎዶስዮስ በሣጥኑ ላይ ተደፍቶ ለወላጆቹ ይቅርታ ለመነ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

የቅዱሱ አፍ ወርቅ የተባለው ስላማረ ብቻ አይደለም። ወርቅ በእሳት ይፈተናል፤ ቃሉም በሁለት ስደት ተፈትኖ አልተለወጠም። የኛ ቃል ግን አንድ የስልክ ጥሪ አይችልም።

ከዚህ ጾም ለአንድ ሳምንት እንሞክረው። በገበያ፣ በታክሲ፣ በቢሮ፣ አዎን ካልን አዎን ይሁን፤ አይደለም ካልን አይደለም ይሁን። ማርያምን የሚለው ካመለጠን ያን ማታ እንደ ቅዱሱ ምክር እራቱን ትተን ዋጋውን ለነዳይ እንስጥ። ከዚህም በላይ ቆም ብለን ራሳችንን እንጠይቅ፦ ስሟን ለምን ጠራሁ? ቃሌ ለብቻው መቆም ያቃተው ለምንድን ነው? እኔም አሁን ስልኬ ሲጮኽ ጫማዬን እያሰርኩ ነው ማለትን እየተለማመድኩ ነው። ትንሽ ያሳፍራል፤ ግን ሚካኤልን አያስጠራም።

የቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ጸሎቱና በረከቱ ይደርብን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።