ለመንገድ ማስፋፊያ የፈረሰው ቲያትር ቤትና የሲኒማው ፈር ቀዳጅ ጆርጅ ሜሊየስ

ለሲኒማ ጥበብ መወለድና ማደግ ፈር ከቀደዱ ባለሙያዎች መካከል በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀሰው ፈረንሳዊው ጆርጅ ሜሊየስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1861 በፓሪስ ከተማ ከአንድ ጫማ አምራች ቤተሰብ ተወለደ።

ሜሊየስ በ1888 ከቤተሰቡ ፋብሪካ የደረሰውን ድርሻ ለወንድሞቹ በመሸጥ ሮበር ኡዳን የተሰኘውን አነስተኛ ቲያትር ቤት ገዝቶ የምትሃት ትርዒት ሲያቀርብ ቆየ። በ1895 ማብቂያ የሉሚየር ወንድማማቾች ያቀረቡትን ተንቀሳቃሽ ሥዕል ከተመለከተ በኋላ መሣሪያቸውን ለመግዛት ያቀረበው ጥያቄ ተቀባይነት አላገኘም። ይሁንና ከለንደን ሌላ መሣሪያ በመግዛት በተከታዩ ዓመት በቲያትር ቤቱ ፊልም ማሳየት ጀመረ።

በ1897 ደግሞ ለፓሪስ አጎራባች በሆነችው ሞንትሬይ ከተማ የፀሐይ ብርሃን እንዲያስገባ በመስታወት የተሠራ ስቱዲዮ አቋቋመ። የስቱዲዮው መድረክ ስፋት ከቲያትር ቤቱ መድረክ ጋር እኩል እንዲሆን ተደርጎ ነበር። በዚያም ድርሰቱን እየጻፈ፣ የመድረክ ሥዕሉን እየነደፈና ራሱም እየተወነ ከ500 በላይ ፊልሞችን ሠርቷል። በ1902 የተሠራውና 14 ደቂቃ ያህል የሚፈጀው ወደ ጨረቃ የሚደረግ ጉዞን የሚያሳየው ፊልም ዝናውን በዓለም ቢያናኘውም፣ በአሜሪካ ያለፈቃዱ እየተባዛ በመሸጡ ተገቢውን ገቢ ሳያገኝበት ቀርቷል።

ከትላልቅ ኩባንያዎች ጋር መወዳደር ያቃተው ሜሊየስ ዕዳ ውስጥ በመዘፈቁ ከ1913 ወዲህ ፊልም መሥራት አቆመ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅትም የፈረንሳይ ጦር ከ400 በላይ የፊልም ቅጂዎቹን ወስዶ በማቅለጥ ለጫማ ተረከዝ መሥሪያ አዋላቸው።

እጅግ የከፋው ዓመት ግን 1923 ነበር። የኦስማን ጎዳናን ለማራዘም ሲባል ሮበር ኡዳን ቲያትር ቤት ፈረሰ፤ የሞንትሬይ ይዞታውም ለባለዕዳዎች ሲባል ከእጁ ወጣ። ማስቀመጫ ስፍራ ያጣው ሜሊየስ በተስፋ መቁረጥ በእጁ የቀሩትን ዋና የፊልም ቅጂዎች በእሳት አቃጠለ።

ከዚያ በኋላ በሞንፓርናስ ባቡር ጣቢያ ከባለቤቱ ጋር በአነስተኛ ሱቅ መጫወቻና ከረሜላ በመሸጥ ይተዳደር ነበር። የፊልም ጋዜጠኞች ካገኙት በኋላ በ1929 በፓሪስ የክብር ዝግጅት ተደረገለት፤ በ1931ም የፈረንሳይ የክብር ሌጅዮን ኒሻን ተሸለመ። በቀጣዩ ዓመት በኦርሊ የሲኒማ ባለሙያዎች መጦሪያ ገብቶ በጥር 1938 ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ።

በልዩ ልዩ አገሮች በተደረገ ፍለጋ ከሥራዎቹ መካከል ከ200 በላይ የሚሆኑት ተገኝተዋል። በ1993 በባርሴሎና የተገኘው የጨረቃው ጉዞ ባለቀለም ቅጂም ለዓመታት የዘለቀ ጥገና ተደርጎለት በ2011 በካን የፊልም ፌስቲቫል ለዕይታ በቅቷል። ፊልሞቹ በየአገሩ የተሠራጩ ቅጂዎች ስለነበሯቸው ከፊሎቹን ማዳን ተችሏል፤ የመጀመሪያዎቹ ፊልሞቹ የታዩበትን ቲያትር ቤት ግን መልሶ ማግኘት አልተቻለም።